የጎሽ ጥይት፦ ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት የሚለዩ ችግሮች

ጎሽ ለማደን ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ጥይቱን እቤቱ በገዛ እጁ ሞልቶ ነው የሚያመጣው። አየር መንገዶች በአብዛኛው ለአንድ ሰው ከ5 ኪሎ በላይ ጥይት አይጭኑም፤ ባሩድና ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የጥይቱ ቂጥ) ደግሞ እንደ ሸቀጥ መርካቶ ወርደህ የምትገዛው ነገር አይደለም። ስለዚህ ሙሌቱ ጉድለት ካለው እዚህ አይጠገንም። የሚቻለው ደህናውን ከአጠራጣሪው መለየት ነው። ይህን ካዛንቺስ ሆቴል ውስጥ ሆናችሁ ጀምሩት፤ የተኩስ ሙከራውን ደግሞ በተፈቀደ የኢላማ ቦታ ጨርሱ። ከአዳኝ እንግዳ ጋር ለምትሠሩ ወጣቶች ነው የምጽፈው። የአደን ፈቃዱና የመሣሪያው ወረቀት አልቋል ብዬ ልጀምር።

መቀርቀሪያው አልከፈት ይላል

እንግዳው አገሩ ላይ ሲሞክረው ምንም አልነበረም። ኦሞ ሸለቆ በቀትር ሲተኩስ ግን መቀርቀሪያው (ጥይት የሚያስገባውና የሚያወጣው መዝጊያ) ይይዛል፤ ቀለሁ (የጥይቱ የናስ ቅርፊት) በግድ ይወጣል፤ ካፕሱሉም ተደፍጥጧል። ብዙ ሰው ጣቱን ከፍታው ላይ ይቀስራል። ጥፋቱ የሙቀት ነው። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል፤ ግፊቱም ይጨምራል። በቀዝቃዛ አገር ክረምት እስከ ጣሪያው የተሞላ ጥይት ቆላ ሲወርድ ከልኩ ያልፋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ እዚህ ሞክራችሁ ሰላም ከሆነ ገና አልተረጋገጠም።

ነገሩ የቆየ ነው። የድሮው ባሩድ ኮርዳይት ሙቀት አይወድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው .416 ሪግቢ የተባለው ትልቅ ጥይት ቀለሁ ያን ያህል የሰፋው ግፊቱ በሙቅ አገርም ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ነው።

መፍትሄው፦ ምልክቱ አንዴ ከታየ ያ ሙሌት አይተኮስም። «አንዷን ብቻ ልሞክር» የለም። ወደ ፋብሪካ ጥይት ዙሩ፤ ለዚህም እንግዳው አንድ ፓኮ እንዲይዝ አስቀድማችሁ ንገሩት። ገና ስትጻጻፉ ሙሌቱን በሙቀት ሞክሮት እንደሆነ ጠይቁት። ሙቀት ብዙ የማይቀያይረው ባሩድ ይምረጥ፤ መጠኑንም ከአምራቹ ጣሪያ ዝቅ ያድርገው። ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ቢቀንስ ጎሹ ልዩነቱን አያውቀውም። መንገድ ላይ ደግሞ ጥይት ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥም። ጥላ ውስጥ፣ ከመቀመጫ ሥር ይሁን።

ጥይቱ ያጥራል

አንድ ረዳት ጥይቶቹን በካሊፐር ሲለካ «ጋሼ፣ ይቺ ከጓደኞቿ አጥራለች» አለኝ። ልዩነቱ ከሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዓይን አይታይም። ያቺ ጥይት እንግዳው ሲለማመድ ካዝና (ጠመንጃው ላይ ጥይት የሚደረደርበት ሳጥን) ውስጥ ሥር ላይ የነበረች ናት። ትልቅ ጠመንጃ ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲመልስ ካዝና ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ከፊት ግድግዳው ጋር ይጋጫሉ፤ አረሩም (ከአፈሙዝ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገባል። ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ከፍ ይላል።

መነሻው የቀለሁ አፍ አረሩን በደንብ አለመቆንጠጡ ነው። አረሩ ላይ ለዚህ የተሠራ ክብ መስመር አለ፤ ቁንጥጫው እሱ ውስጥ መግባት አለበት። እዚህ ስለማይስተካከል ያጠረችውን ለይታችሁ አውጡ። በኢላማ ቦታ፣ ካዝናው ሥር ያለችውን በማርከር ምልክት አድርጉባት፤ ከላይ ያሉት ከተተኮሱ በኋላ እንደገና ለኩ።

አረሩ ይበተናል፣ ወይም ሾልኮ ሌላውን ያቆስላል

እንግዶች በካሊበር፣ በአረሩ ውፍረት ማለት ነው፣ ብዙ ይከራከራሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ስለ አረሩ ነው። 300 ግሬን፣ ማለትም 19.4 ግራም፣ ጠንካራ አረር የተሞላ .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፣ ለቀላል እንስሳ የተሠራ ስስ አረር ከያዘው ወፍራሙ .458 ይልቅ ይሻለኛል። ስሱ አረር ትከሻ አጥንት ላይ ይፈርሳል፤ ሳንባው ጋ አይደርስም። የቆሰለ ጎሽ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚከተለው ደግሞ መንገድ መሪው ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ለመጀመሪያው ተኩስ እርሳሱ ከመዳብ ልባሱ ጋር የተጣበቀ አረር፣ ወይም እንደ ባርነስ ቲኤስኤክስ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ፣ ይሁን። ስዊፍት ኤ-ፍሬምም አያሳፍርም። እነዚህ አፋቸው ይከፈታል፤ ክብደታቸው ግን ብዙ አይቀንስም።

የማይከፈተው ድፍን አረር ሌላ ጣጣ አለው፦ ጎሹን በስቶ ከኋላ የቆመውን ይመታል። መንጋ ውስጥ በእሱ መጀመር አይገባም። ለተከታዩ ተኩስ፣ ጎሹ ዞሮ ሲሸሽ ወይም ሲመጣ፣ ቦታው ያኔ ነው። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው ከክቡ ይልቅ ሥጋ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግን ጠፍጣፋው አፍንጫ ከካዝና ሲወጣ የሚያደናቅፈው ጠመንጃ አለ። በኢላማ ቦታ፣ አፈሙዙ ወደ መከላከያው አፈር ዞሮ፣ እያንዳንዷን ጥይት አስገብታችሁ አውጡ።

ሁለቱ አረሮች የተለያየ ቦታ ይመታሉ

የሚከፈተውና ድፍኑ አረር ክብደታቸው አንድ ቢሆንም ቅርጻቸውና ጥንካሬያቸው ይለያያል። በ50 ሜትር ሁለቱንም ተኩሳችሁ እዩ። ከተራራቁ እንግዳው በአንዱ ዓይነት ይወሰን። ባለ ሁለት አፈሙዝ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ በርሜሎች አንድ ቦታ እንዲመቱ የተስተካከሉት ለአንድ ዓይነት ሙሌት ነው። በርሜሉ ያረጀ ከሆነ ጠንካራ ድፍን አረር ሊጎዳው ይችላል፤ ስለዚህ ለእሱ የሚሆን ለስላሳ ይፈለግ።

ከአንዴም ሁለቴ ዝቅ ብሎ መታ

ይህን ሙሌቱ ላይ ከማላከካችሁ በፊት እንግዳውን እዩት። ትልቅ ጠመንጃ ትከሻ ይመታል፤ ሰውየውም ቃታውን ሳይጨርስ ይሸሻል። ባሩድም ካፕሱልም የሌላትን የመለማመጃ ጥይት እሱ ሳያይ ከደህናዎቹ ጋር ቀላቅሉ። ቃታው ባዶ ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ። ያን ቀን ትልቁን አስቀምጡና በትንሽ ካሊበር ይለማመድ። በማግስቱ ጥቂት ብቻ፣ የጆሮ መከላከያ አድርጎ ይተኩስ። አሁንም ዝቅ ካለ ያኔ ማነጣጠሪያውን ፈትሹ።