ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የሚገታ ውሁድ ከዕፅዋት ለመፈለግ

እንጀራም ሆነ ዳቦ ስንበላ የምንውጠው ስታርች እንዳለ ወደ ደም አይገባም። በመጀመሪያ በምራቅ፣ ኋላም ከቆሽት በሚመነጨው አልፋ አሚሌዝ አማካይነት ወደ አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች ይቆራረጣል፤ የመጨረሻውን ሥራ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኙት አልፋ ግሉኮሲዴዞች ይፈጽሙታል፤ ወደ ደም የሚሻገረውም ከዚያ የሚወጣው ግሉኮስ ነው። እነዚህን ኢንዛይሞች በከፊል መግታት ከምግብ በኋላ የሚታየውን የስኳር መጠን ድንገተኛ ጭማሪ ያለዝባል። አክቲኖፕላነስ ከተባለ ባክቴሪያ የተገኘውና በአሜሪካ በ1995 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው የስኳር በሽታ መድኃኒት አካርቦስ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ በአራት ኪሎና በአካባቢው ባሉ ቤተ ሙከራዎች ተመሳሳይ ውሁድ ከአገር ዕፅዋት ለመፈለግ ለሚነሡ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትኛው ኢንዛይም ምን ያህል ሊገታ እንደሚፈለግ መወሰን አለበት። አልፋ አሚሌዝ ከልክ በላይ ከተገታ ያልተፈጨው ስታርች ትልቁ አንጀት ደርሶ በባክቴሪያዎች ይብላላና የሆድ መነፋትን፣ ጋዝንና ተቅማጥን ያስከትላል። ስለዚህ ግሉኮሲዴዝን በርትቶ፣ አሚሌዝን ግን በመጠኑ የሚገታ ጭምቅ፣ በእኔ ግምት፣ ሁለቱንም እኩል ከሚያቆም ጭምቅ ይመረጣል።

ተክሉን ከመርካቶ ቅመም ተራ መግዛት ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ሻጩ የሚጠራበት ስም ለሳይንሳዊ ሥራ ማስረጃ አይሆንም። ቅጠልና አበባ ያለውን ናሙና አድርቀው በአራት ኪሎ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ያቅርቡና ዝርያው ከተለየ በኋላ የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። ቀሪውን በጥላ ያድርቁት፣ ይፍጩት፣ ከዚያም በ80 በመቶ ኢታኖል ዘፍዝፈው ያጣሩት። አብሽን የመረጠ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፦ በውሃ የተዘፈዘፈ አብሽ እንደሚታወቀው ይዝለገለጋል፤ ዝልግልጉ የፒፔቱን ጫፍ ይዘጋል፣ የሚቀዳው መጠንም ከሚፈለገው ያንሳል። ኢታኖሉ ይህን ዝልግልግ አርግቶ ስለሚያስቀረው ሥራውን ያቀለዋል።

ለአሚሌዝ ሙከራ ከአሳማ ቆሽት የተዘጋጀ ኢንዛይም በብዛት ያገለግላል። በፈሩ (የአሲድነት መጠኑ እንዳይለዋወጥ የሚያደርገው ሙሙት) ፒኤቹ 6.9 የሆነ 20 ሚሊሞላር ሶዲየም ፎስፌት ሲሆን፣ ኢንዛይሙ ያለ ክሎራይድ በሚገባ ስለማይሠራ 6 ሚሊሞላር ያህል ሶዲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል። 250 ማይክሮሊትር ጭምቅ ከ250 ማይክሮሊትር ኢንዛይም ጋር ቀላቅለው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ 250 ማይክሮሊትር 1 በመቶ የስታርች ሙሙት ጨምረው ሌላ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ስታርቹን በዕለቱ አፍልተው አቀዝቅዘው ያዘጋጁት፤ ፍሪጅ ያደረው ይጠጥርና ውጤቱን ያዛባል። በመጨረሻ 500 ማይክሮሊትር የዲኤንኤስ (ስኳርን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ኬሚካል) ሙሙት ጨምረው ቱቦውን በሚፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያስቀምጡት፣ አቀዝቅዘው በውሃ ያቅጥኑት፣ ከዚያም በ540 ናኖሜትር ያንብቡት። ስኳር በበዛ ቁጥር ቢጫው ሙሙት ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል።

በባሕር ወለል ደረጃ የተጻፉ መመሪያዎች ሳይናገሩ የሚያልፉት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ የዲኤንኤሱ ቀለም የሚወጣውም በሙቀት ነው። መፍትሔው የሌላ አገር ሠንጠረዥ አለመበደርና የማልቶስ መለኪያ መስመርዎን (መጠኑ ከታወቀ የማልቶስ ስኳር የሚሠራውን የንባብ ማነጻጸሪያ) በዚያው ቀን፣ በዚያው ድስት፣ ለእኩል ደቂቃ አፍልተው መሥራት ነው። ቱቦዎቹ ሁሉ አብረው ይግቡ፣ አብረውም ይውጡ።

ብዙ ድካም የሚባክነው በሐሰተኛ ውጤት ነው። ጭምቁ ራሱ ስኳርና ቀለም ስለሚኖረው ለእያንዳንዱ መጠን በኢንዛይሙ ምትክ በፈር የተጨመረበት ቱቦ ያዘጋጁና ንባቡን ይቀንሱ። ታኒን የተባለው የዕፅዋት ውሁድ ግን ከዚህ ይከፋል፤ ፕሮቲን ስለሚያጣብቅ የትኛውንም ኢንዛይም ያለምርጫ ያቆማል። እኔ ራሴ ከአንድ ቅርፊት ባገኘሁት 90 በመቶ ግታት ለሳምንታት ስደሰት ቆይቼ፣ የከብት ሴረም አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ስጨምርበት ግታቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አየሁ። ስለዚህ ውጤቱ ከመጻፉ በፊት አልቡሚን ጨምሮ መድገም፣ ወይም ታኒኑን ፖሊቪኒልፖሊፒሮሊዶን በተባለው ዱቄት አስወግዶ መሞከር ግዴታ ነው።

ለግሉኮሲዴዝ ሙከራ በስታርቹ ፈንታ የሚሠራበት ፓራ ናይትሮፌኒል ግሉኮሳይድ ሲቆረጥ ቢጫ ስለሚሆን በ405 ናኖሜትር ይነበባል፤ የኢንዛይሙ ሥራ በሶዲየም ካርቦኔት ይቆማል። ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው የእርሾ ኢንዛይም ነው፤ ነገር ግን አካርቦስ በእርሾው ላይ ደካማ፣ በአጥቢ እንስሳት አንጀት ኢንዛይም ላይ ግን ብርቱ በመሆኑ፣ በእርሾ ብቻ ተለክቶ «ከአካርቦስ ይበልጣል» የሚለውን አረፍተ ነገር ለመጻፍ አይቸኩሉ። የአይጥ አንጀት ዱቄት ከተገኘ በእርሱ ይድገሙት።

ግማሽ ግታት የሚያስገኘውን መጠን ለማስላት ቢያንስ አምስት የተለያዩ መጠኖችን በሦስት ድግግሞሽ ይለኩ፤ የስታርቹ መጠን ከተለወጠ ይህ ቁጥርም እንደሚለወጥ አይዘንጉ። ቀጥሎ የስታርቹን መጠን እያለዋወጡ ፍጥነቱን ይለኩ፦ ከፍተኛው ፍጥነት ሳይቀንስ ለግማሽ ፍጥነት የሚያስፈልገው የስታርች መጠን ብቻ ከጨመረ ገቺው ከስታርቹ ጋር በአንድ ቦታ ይሻማል ማለት ነው። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ኢንዛይሙን በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍለው ያቀዝቅዙት፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙት። ንጹሕ አካርቦስም በየዕለቱ አብሮ ይለካ፤ የእርሱ ቁጥር ከቀን ቀን ከዋለለ ችግሩ ከተክሉ አይደለም።

በቱቦ ውስጥ የሠራ ጭምቅ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ የመርዛማነት ጥናትና የሥነ ምግባር ፈቃድ ይቀድማል። በጥናቱ ሂደት ሐኪሞች ሲጠይቁም ይህን ያስረዱ፦ ገቺውን ከኢንሱሊን ጋር የሚወስድ ሰው ስኳሩ ቢወርድበት ተራው የሻይ ስኳር ፈጥኖ አይደርስለትም፤ ሱክሮስን (ይህንኑ የሻይ ስኳር) የሚቆርጠውም ኢንዛይም ስለተገታ ንጹሕ ግሉኮስ መሰጠት አለበት።