የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ሲወጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። አብረን ብዙ አገር ዞረናል። ከነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል።

መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ መክተት፦ ወደ ደሴ ስንሄድ ሻንጣችን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ኪኒኑም አብሮ ወጣ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸና የማታው ሰዓት አለፈ። መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ። የጥቂት ቀን ትርፍም ያዙ፤ የምትደርሱበት ከተማ ፋርማሲ ያንኑ መድኃኒት ላይኖረው ይችላል።

ሳይተኙ መሳፈር፦ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። አውቶቡስ ሊነጋጋ ሲል ስለሚነሳ ሌሊቱን ስንሸክፍ እናድራለን። ዕቃችሁን በቀን ጨርሱና በጊዜ ተኙ።

ጠበል ሲሄዱ ኪኒን ማቋረጥ፦ ጠበሉንም ኪኒኑንም ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል። በድንገት ማቋረጥ ግን አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ይሄ ይገድላል። ጾም ካለ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ብቻን ውሃ መግባት፦ ሐዋሳም ላንጋኖም ያው ነው፣ አጠገብ ዋና የሚችል ሰው ይኑር። ሆቴል ስታድሩም የመታጠቢያ ቤቱን በር አትቆልፉ።

ውጭ አገር ሳይጠይቁ መድኃኒት ይዞ መግባት፦ እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዘው ፊኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ ከሆነ ኤምባሲውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሐኪም ደብዳቤም ያዙ።

ለማንም አለመናገር፦ ሐፍረቱ ይገባኛል። ይተላለፋል ብሎ የሚሸሽ ሰው ዛሬም አለ። በለሃጭም በትንፋሽም አይተላለፍም! ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ካልተነገረው የሚያደርገው የለመደውን ነው። ክብሪት ጭሮ ያሸታል፣ ጥርስ መሃል ማንኪያ ይከታል፣ እጅና እግር ጠፍሮ ይይዛል። የክብሪት ጭስ ማንንም አያነቃም። ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። አሁን ገና ሳንነሳ ለረዳቱና ለጎረቤታችን እነግራለሁ፦ «ወንድሜን ሊጥለው ይችላል። ከጣለው ኮሌታውን ፍቱለት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ሰዓት እዩ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ በቅርብ ወዳለ ሐኪም ቤት ይወሰድ።» እስካሁን ፊቱን ያዞረብን የለም። ብቻውን ሲጓዝ ይኸው ቃል ከስልኬ ቁጥር ጋር ተጽፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አለ።