የኔም ሰርቨር (name server) አይፒ ስትቀይሩ አሮጌውን ቶሎ እንዳታጠፉት

ለገጣፎ፣ ገላን፣ ሰበታ አካባቢ ሆናችሁ የራሳችሁን ዲኤንኤስ ሰርቨር (ኔም ሰርቨር፣ የዶሜን ስም ሲጠየቅ አይፒውን የሚመልሰው) የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ቢሮ ወይ ኢንተርኔት ስትቀይሩ አይፒውም አብሮ ይቀየራልና ይቺን ያዙልኝ። ዞኑ (የዶሜኑ ሪከርዶች ዝርዝር) ላይ ኤ ሪከርዱን (ስሙን ከአይፒ የሚያገናኘውን) ቀይሮ ጨረስኩ ማለት አይሰራም፣ የኔም ሰርቨሩ ስም እዛው ዶሜኑ ስር ከሆነ ሬጅስትራራችሁ (ዶሜኑን ያስመዘገባችሁበት) ጋ ገብታችሁ ግሉ (glue) ሪከርዱንም፣ ማለትም እላይ ዶት ኮም ላይ ወይ መሰሉ ላይ የተቀመጠውን የኔም ሰርቨሩን አይፒ፣ መቀየር አለባችሁ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደሞ የዶት ኮም ግሉ ቲቲኤሉ (ሌሎች ሰርቨሮች መልሱን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ) 172800 ሰከንድ ነው፣ 2 ቀን ሙሉ ማለት ነው፣ የራሳችሁን ወደ 300 ብታወርዱትም እሱን አይነካውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርቨሩን አዲሱ አይፒ ላይ አስነሱ፣ ፖርት 53 በዩዲፒም በቲሲፒም ክፍት መሆኑን ከውጪ፣ በሞባይል ዳታም ቢሆን፣ በዲግ (dig፣ ዲኤንኤስ መጠየቂያ ኮማንድ) ቼክ አድርጉ፣ ከዛ ነው መቀየር። ሁለቱን ኔም ሰርቨር ባንዴ አትንኩ በናታችሁ፣ አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን። አሮጌው አይፒ ቢያንስ 3 ቀን፣ ከተቻለ ሳምንት፣ ያንኑ ዞን እየመለሰ ይቆይ፣ ሎጉ ላይ ጥያቄ መምጣት ሲያቆም ያኔ ዝጉት። ሰከንደሪ (ዞኑን ከዋናው ሰርቨር፣ ከማስተሩ፣ የሚቀዳ ሰርቨር) ካላችሁ የማስተሩን አዲስ አይፒ እዛም አስገቡ፣ ካልሆነ ዞኑ መታደሱን ያቆምና ኤክስፓየር ሲያደርግ ነው የምታውቁት።