የሞተር ጎሚኒ ማጠንከር፦ መኪናዬን ወባ ያስያዝኳት ጊዜ

አምና ነው። መብራት ላይ ቆሜ በኋላ ማሳያ መስታወቱ ሳይ፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ሁለት ሆኖ ታየኝ። አልጠጣሁም። የሚርገበገበው መስታወቱ ነው። ክሩስኮቱ ላይ ያስቀመጥኳት የአንድ ብር ሳንቲም ደግሞ እየተንፏቀቀች ዳር ደረሰችና ወደቀች። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ዝም ብላ ቆይታ “ምነው ልጄ፣ መኪናህን ወባ ያዛት እንዴ?” አለችኝ።

ያስያዝኳት እኔው ነኝ። የ1998 (በፈረንጅ ማለቴ ነው) ኮሮላዬን፣ ባለ 1.6 ማንዋሏን፣ አራቱንም የሞተር ጎሚኒ አውልቄ በጠንካራ ፖሊዩሪቴን (ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ ነው፣ ባጭሩ ፖሊ) ቀየርኩ። ሁለት ወር አብሬያት ተንቀጠቀጥኩ። ከዚያ ሁለቱን አውጥቼ ወደ ላስቲክ መለስኩ፣ ሁለቱን ተውኳቸው። አሁን ማርሹ ቅቤ ነው፤ እናቴም መሳፈር ጀምራለች። ይህን የምጽፈው ያንን ሁለት ወር እናንተ እንዳታዩት ነው።

ጎሚኒ የምለው መለዋወጫ ቤት “ሞተር ማውንት” ብላችሁ የምትጠይቁትን ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር ያያይዛል፤ ዳር ዳሩ ብረት፣ መሃሉ ላስቲክ። ሥራው ሁለት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አይስማሙም። አንደኛው ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እንዳይገላበጥ ጠፍሮ መያዝ ነው። ሁለተኛው የሞተሩን መንቀጥቀጥ ውጦ እናንተ ጋ እንዳይደርስ ማድረግ። ለመያዝ ጠንካራው ይሻላል፣ ለመዋጥ ለስላሳው። ፋብሪካው ወደ ለስላሳው የሚያደላው ገዢው ወንበሩ ላይ ተመችቶት እንዲቀመጥ ስለሚፈልግ ነው።

መንቀጥቀጡ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 750 ጊዜ ይዞራል እንበል። በየዙሩ ሁለት ሲሊንደር ይተኩሳል፤ ስለዚህ በሰከንድ 25 ምት ማለት ነው። ባለ 3 ሲሊንደር ቪትዝ ከሆነች በዚያው ዙር በሰከንድ 19 ገደማ ይሆናል። ምቱ ሲዘገይ ለጎሚኒው መዋጥ ይከብደዋል፣ በዚያ ላይ ባለ 3ቱ ሞተር በተፈጥሮው ከዳር ዳር ይወዛወዛል። ባለ 3 ሲሊንደር ያላችሁ ከወዲሁ አስቡበት።

ደግሞ ጎሚኒ የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። አንድም። አዲስ አበባ ከሆናችሁማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ገና ሳይነሳ ተነጥቋል፣ ያንን የሚመልስ ጎሚኒ የለም። የሚቀየረው ሌላ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ መጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ይጋደማል፣ ከዚያ ነው ጉልበቱ ጎማ ጋ የሚደርሰው፤ ያቺ የመዘግየት ቅጽበት ታጥራለች። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚወዛወዝ በፍጥነት ስትቀይሩ ማርሹ እምቢ የሚላችሁ ነገርም ይቀንሳል። ዳገት ላይ ስትነሱ የፊት ጎማው ዱብ ዱብ እያለ የሚዘለውም እንዲሁ። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ እየነዳ የሚወጣ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ከቦሌ ፒያሳ በትራፊክ መጨናነቅ ለሚንፏቀቅ ግን ወፍ የለም።

መጀመሪያ ያለው ሞቶ እንደሆነ እዩ

“ጠንካራ ገጠምኩ፣ መኪናዬ አዲስ ሆነች” ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ አዲስ የሆነችላቸው የሞተውን ስላወጡ ነው። እኛ አገር የሚነዳው ብዙው መኪና ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ላስቲኩ ወይ ደርቋል ወይ ተበጥሷል።

ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ኮፋኖውን ክፈቱና መሪ ላይ የምታምኑትን ሰው አስቀምጡ። የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ የእግር ፍሬን ይረገጥ። እናንተ በጎን ቁሙ፤ ከፊት ለፊት በፍጹም አትቁሙ፣ እግር ከፍሬን ሊንሸራተት ይችላል። አውቶማቲክ ከሆነች ዲ ላይ አድርጎ ነዳጅ በትንሹ ይስጣት፣ ከዚያ አር ላይ። ማንዋል ከሆነች በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በስሱ ይልቀቅና ሞተሩ ሊጠፋ ሲል መልሶ ይርገጥ፣ በኋላ ማርሽም እንዲሁ። ሞተሩ ትንሽ ዘንበል ማለቱ ያለ ነው። ከሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ብድግ ብሎ “ቋ” እያለ የሚመለስ ከሆነ ግን አንዱ ጎሚኒ ለቋል።

ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉ። ስንጥቅ አለ? ላስቲኩ ከብረቱ ተላቋል? አንዳንዱ ጎሚኒ ውስጡ ፈሳሽ አለበት፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ እርጥበት ካያችሁ ፈሷል፣ አበቃ። እኔ የቀኙን ሳወጣ ላስቲኩ እንደራሰ ሳሙና ሆኖ ነበር፣ በጥፍሬ ስጫነው ይቦደሳል። ከላይ ከሞተሩ ክዳን ጓርኒሲዮን ጠብ ጠብ የሚል ዘይት ለስንት ጊዜ ሲበላው እንደኖረ እንጃ። ዘይቱን ሳታስቆሙ አዲስ ላስቲክ ብትገጥሙ እሱንም ለዘይቱ መመገብ ነው።

በሚኒሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና ሁሉ ጎሚኒ ነው ማለትም አይደለም። ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ የአየር ማስገቢያ ጉሮሮ፣ አካሉን የሚነካ ማርሚታ፣ ሁሉም ያንቀጠቅጣሉ። እነሱን አስቀድሙ። ለስላሳው ጎሚኒ የሸፈነላችሁን ገመና ጠንካራው አደባባይ ያወጣዋል።

ምን ዓይነት?

ጥንካሬ የሚለካው ሾር ኤ በሚባል ቁጥር ነው። የፋብሪካው ላስቲክ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ነው። ለመንገድ ተብሎ የሚሸጠው ፖሊ ከ60 እስከ 75 አካባቢ፤ ከ80 በላይ ያለው የውድድር ነው። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም፣ ቅርጹንም እዩ። የፋብሪካው ጎሚኒ ላስቲኩ መሃል ክፍተት አለው፣ ሞተሩ የሚላወሰው እዚያ ውስጥ ነው። 60 የሆነ ድፍን ፖሊ፣ 60 ከሆነ ክፍተት ካለው ላስቲክ በጣም ይጠነክራል። ሻጩ “ያው ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው” ካላችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ። ድፍን አሉሚኒየም የሚባለውም አለ። ለመንገድ መኪና አታስቡት፤ ምንም አይውጥም፣ ጫናውን ሁሉ ወደ ብረቱ ስለሚያስተላልፍ ማቀፊያው ሊሰነጠቅ ይችላል።

በርካሹ መንገድ መሄድ ለሚፈልግ፣ ያንኑ የጎሚኒውን ክፍተት በፖሊ ቁራጭ መጠቅጠቅ ወይም የፊት መስታወት በሚለጠፍበት ዩሪቴን መሙላት ይቻላል። ላስቲኩ ያልተበጠሰ መሆን አለበት፣ ዘይቱ ጥርግ ብሎ መጽዳት አለበት፣ ወፍራም ስለሆነም እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል መታገስ ነው። አንድ ጋራዥ ግን ክፍተቱን ከአሮጌ የመኪና ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ሞልቶልኝ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ቆየ። ጎማው ከብረቱ ጋር አልተያያዘ፣ ምን ይዞት ይቆይ? እየተፋጨ ወጣና የሆነ ኮብልስቶን ላይ ቀረ። ክፍለ ሀገር መንገድ ላይ ለተበላሸበት ቤቱ መድረሻ ይሁነው፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁ።

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ አሮጌ ጎሚኒ “ኦርጅናል ነው” ብለው ቢያሳዩአችሁ፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ ግን ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል። ብረቱን ለሌላ ሥራ ካልፈለጋችሁት በቀር አዲስ ግዙ።

የትኛውን?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የእኔ ዓይነት ኮሮላ ላይ አራት ጎሚኒ አለ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ፊት፣ ኋላ። የግራና የቀኙ እንደ ማቶት ናቸው፤ የሞተሩና የካምቢዮው ክብደት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። የፊትና የኋላው ብዙ አይሸከሙም፣ ሥራቸው ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይገላበጥ መያዝ ነው። ስለዚህ የማርሹንና የመነሻውን ስሜት የሚሰጧችሁ የፊትና የኋላው ናቸው፤ በሚኒሞ የሚያንቀጠቅጧችሁ ደግሞ በዋናነት ግራና ቀኙ። የፊትና የኋላውን አጠንክሩ፣ ግራና ቀኙን በአዲስ የፋብሪካ ላስቲክ ተዉአቸው። እኔ አሁን ፊትና ኋላ 70፣ ግራና ቀኝ ጀንዊን ላስቲክ ነው ያለኝ። መንቀጥቀጡ ጠፋ አልልም። ኤሲ ስከፍት መሪው ላይ ትንሽ ይሰማኛል፣ በደቂቃ 1,200 ዙር ስትደርስ ደግሞ የበሩ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ይዘምራል። እሱን ችዬዋለሁ።

አዳዲሶቹ ትናንሽ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ብቻ ነው የምታገኙት፤ ሁለቱ ይሸከማሉ፣ አንዱ ከታች ሆኖ መገላበጡን ይይዛል። እዚያ ላይ የታችኛውን ብቻ አጠንክሩ። እንደ ድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ሞተሯ ከፊት ወደ ኋላ በቁመት የተቀመጠ፣ የኋላ ጎማ የሚነዳት ከሆነች ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ የጎንና ጎኑ ሁለቱ ክብደቱንም መገላበጡንም አንድ ላይ ስለሚይዙ ለይቶ ማጠንከር የለም። አዲስ ላስቲክ ግጠሙና በሰላም ንዱ።

በተሳፋሪ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ተሳፋሪው ማርሻችሁ ቅቤ መሆኑን አያይላችሁም፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ግን ያያል።

አገጣጠሙ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቦታው ሜዳ ይሁን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ቡሎኖቹ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ከማታው ርጩ፤ ጠዋት ራሳችሁን ትመርቃላችሁ። የዘይቱ ኮፓ ሥር ሰፋ ያለ ጣውላ አስገብታችሁ ክሪኩን በጣውላው ላይ ደግፉት። ሞተሩን ማንሳት አይደለም፣ ክብደቱን መቀበል ብቻ ነው። ጣውላ የሌለው ክሪክ ኮፓውን ይጨረግዳል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ ይሄን ስንቱ ሰው እያወቀ ይገባል።

አንድ በአንድ ፍቱ። አንዱን አውጥታችሁ አዲሱን ሳትገጥሙ ሌላውን አትንኩ፤ አራቱን አንዴ ከፈታችሁ ሞተሩ ይንሸራተትና ቀዳዳዎቹን መልሶ ማገናኘት የቀን ሥራ ይሆናል። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ቡሎን ረጅም የትኛው አጭር እንደነበር በኋላ አታስታውሱትም። ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ሽቦ ካለ መልሳችሁ እሰሩት፤ ረስታችሁት መኪናው አልነሳ ቢል ጥፋቱ የጎሚኒው አይደለም።

ፖሊ ከሆነ የብረቱ ቱቦ የሚገባበት ላይ ሲሊኮን ቅባት ቀቡት፣ አለዚያ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ያሳብዳችኋል። ቡሎኑ አልገባ ካለ በመዶሻ አትምቱት። ክሪኩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ስታደርጉት ራሱ ይገባል።

አሁን ብዙ መካኒክ የሚዘልላት ነገር። መሃል ለመሃል የሚያልፈውን ቡሎን ክሪኩ ደግፎ ሳለ አጥብቃችሁ አትጨርሱት። በእጅ አስገቡት፣ ክሪኩን አውጡ፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት ይረፍ፣ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት፣ ከዚያ አጥብቁ። ላስቲኩ ተጠማዞ ከታሰረ ቀን ከሌት እንደተወጠረ ይኖራል፤ አዲስ ሆኖ ሳለ ያንቀጠቅጣል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ማጥበቂያው ልክ የመኪናችሁ መመሪያ ላይ አለ፣ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁት። ከአንድ ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ሞክሩት፣ ጠንካራ ጎሚኒ ቡሎን የማላላት አመል አለው።

ከገጠማችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፤ ፖሊው ትንሽ እየለዘበ ስለሚሄድ ሁለት ሳምንት ስጡት። ያኔም ካልቻላችሁት ማርሚታው የሆነ ቦታ አካሉን እየነካ እንደሆነ እዩ፣ ሞተሩ ከድሮው ቦታው ትንሽ ሊቀየር ይችላል። ከሁሉም በላይ ያወጣችሁትን የድሮ ጎሚኒ ለጋራዡ ልጅ “ውሰደው” ብላችሁ አትስጡ። ያልተበጠሰ ከሆነ በጋዜጣ ጠቅልሉና አስቀምጡት። የኔ የግራው ሁለት ወር አልጋ ሥር ተኝቶ ነበር፤ አዲስ የግዢ ወጪ ያስቀረልኝ እሱ ነው።