የሱፉ ፊት ወደ ውጭ

በጆንያ ጨርቅ ቀዳዳ ውስጥ በመንጠቆ የሱፍ ጥብጣብ እየሳባችሁ ምንጣፍ የምትሠሩ፣ በተለይ ሥራውን ይዛችሁ መንገድ የምትወጡ፣ በጥፋት የተማርሁትን ልንገራችሁ። ስትጠቀልሉት የሱፉ ፊት ወደ ውጭ፣ የጆንያው ጀርባ ወደ ውስጥ ይሁን። እጃችን የሚቀናው ተቃራኒው ነው፤ ያማረውን ፊት ከአቧራ ለመከለል ወደ ውስጥ እንደብቀዋለን። ያን ጊዜ መንጠቆው የሳባቸው የሱፍ ቀለበቶች ይጨፈለቃሉ፣ ጀርባውም ይወጠራል። ከላይ በአሮጌ የጥጥ አንሶላ ሸፍኑት እንጂ በላስቲክ አይሁን፤ ላስቲክ እርጥበት ያፍናል።

ማጠፍማ ጨርሶ አይታሰብ። እኔ ግማሽ የደረሰ ሥራ አራት አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ከሃሊፋክስ ቶሮንቶ ስደርስ ጆንያው በእጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። (ጆንያ ሲያረጅ ይደርቃል። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በተልባ እግር ጨርቅ ላይ ነው፤ ዋጋው ግን ያንገበግባል።)

ሱፉንም ቤት ሳላችሁ ቆራርጡት። ያረጀ ቀሚስ ወይም ሱሪ፣ ንጹሕ ሱፍ እስከሆነ ድረስ፣ በሙቅ ውሃ ቢታጠብ ይሰበሰባል፤ ጠርዙም እንደ ልብ አይተረተርም። ከደረቀ በኋላ የክሩን አቅጣጫ ተከትላችሁ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጥብጣብ ቁረጡት። ሰያፍ ከሄዳችሁ መንጠቆው ሲስበው እጃችሁ ላይ ይበጠሳል። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ትልቁን መቀስ በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት፤ ጥብጣቡ አስቀድሞ ከተቆረጠ መንገድ ላይ እምብዛም አያስፈልጋችሁም።