ሊኑክስ ሲነሣ አብረው የሚነሡ አገልግሎቶችን ስለ መምረጥ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚነሣ፣ ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ ቀላል አልነበረም። የተጫነበት ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ቶሎ እንዲነሣ፣ የማያስፈልጉትን አገልግሎቶች፣ ማለትም አብረው ተነሥተው ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች፣ መርጬ መዝጋት ነበረብኝ። ኡቡንቱ ከ15.04 እትም፣ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን ደግሞ ከ8ኛው እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ እኛም የምናዘው ሲስተምሲቲኤል በተባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል በተባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ የአገልግሎት ስሞች ግን በዝርዝሩ ላይ እንደሚታዩት፣ ትልልቅ ፊደል ካላቸውም ከነዚያው፣ ይጻፋሉ።

በቅድሚያ «ሲስተምዲ-አናላይዝ ብሌም» ሲባል እያንዳንዱ አገልግሎት ለመነሣት የወሰደው ጊዜ ከረጅሙ ጀምሮ ይዘረዘራል። አገልግሎቶች ጎን ለጎን ስለሚነሡ ግን ከላይ የተጻፈው ሁሉ ኮምፒውተሩን አዘግይቷል ማለት አይደለም፤ የትኛው የትኛውን ሲጠብቅ እንደቆየ የሚያሳየው «ሲስተምዲ-አናላይዝ ክሪቲካል-ቼይን» ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በ«ስቶፕ»ና በ«ዲሴብል» መካከል ነው። ስቶፕ አሁን የሚሠራውን ያቆማል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ አገልግሎቱ ይመለሳል። ዲሴብል ደግሞ በመነሻ ጊዜ የሚጠራውን አገናኝ ብቻ ያነሣል እንጂ ፕሮግራሙን አያጠፋም፣ እየሠራ ያለውንም አያቆምም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመፈጸም «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል --ናው ብሉቱዝ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል ነው። ዲሴብል የተደረገውን ሌላ አገልግሎት ወይም ሶኬት (ጥያቄ ሲመጣ አገልግሎቱን የሚቀሰቅስ የግንኙነት በር) ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ የኅትመቱ አገልግሎት ከፕስ የራሱ ሶኬት አለው። «ማስክ» የተባለው ትእዛዝ አገልግሎቱ በዚህም መንገድ እንዳይነሣ ይዘጋል፤ ስለዚህ የግድ ካልሆነ አልመክረውም።

እኔ ራሴ «ሞደምማኔጀር» የሚለውን ስም አይቼ፣ በዚህ ዘመን ማን ሞደም ይጠቀማል ብዬ ዘጋሁት። በማግሥቱ ጠዋት ሲም ካርድ የሚገባበት የዩኤስቢ ሞደም ኔትወርክ አላገኝ ብሎ፣ ፎርም በኢንተርኔት ሊያስሞሉ የመጡ አንዲት እናት ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። «ኢኔብል --ናው» ብዬ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ አገልግሎት ብቻ እዘጋለሁ፣ ኮምፒውተሩን አስነሣለሁ፣ አንድ ገጽ አትሜ ኢንተርኔቱንም ሞክሬ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። ስማቸው በሲስተምዲ የሚጀምሩትንና ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ዲባስን አልነካም። የዘጋሁትን ስምና ቀኑን በወረቀት ጽፌ ከኮምፒውተሩ ጎን እለጥፋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚጠገነው በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላልና።