ዳይኖሰርን ከአጥንቱ ተነስቶ መሳል

ዳይኖሰር መሳል ያማረው ሰው ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የሌላ ሰው ሥዕል ይገለብጣል። እባካችሁ በዚህ አትጀምሩ። ሥዕሉ ስህተት ካለበት ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ የቆመው፣ ኢጉዋኖዶን የሚባለው ዳይኖሰር ሐውልት አፍንጫው ላይ ቀንድ አለው። ቀራፂው ሃውኪንስ በዘመኑ የነበረው የተበታተነ አጥንት ብቻ ስለሆነ አይፈረድበትም፤ በ1878 ግን ቤልጅየም፣ በርኒሳር በሚባል ቦታ፣ ከከሰል ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ሙሉ አፅሞች ሲወጡ ያ ቀንድ የተባለው ነገር የአውራ ጣቱ ሹል አጥንት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ እኛ ሙሉ አፅም እያለልን ግምት የምንገለብጥበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጎን የተነሳ የአፅም ሥዕል ፈልጉ። ለጀማሪ ቲሬክስ የሚባለው ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ጥሩ ነው፣ አፅሙ በደንብ ተጠንቷል። አንድ ሜትሩን በ2 ሴንቲ ሜትር ያዙት። ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ 24 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፣ ተራ ወረቀት በአግድም ይበቃዋል። ዳሌው ከመሬት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የጭንቅላቱ ርዝመት ደግሞ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጀርባውን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጉት። ጭራውን መሬት ላይ እየጎተተ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዳይኖሰር የድሮ አሳሳል ነው፤ የእግር ዱካቸው ሲገኝ ጭራ የተጎተተበት ምልክት እምብዛም አይታይም፣ ጭራው አየር ላይ ሆኖ የፊቱን ክብደት ያመዛዝን ነበር።

እግሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለው ነገር ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ጉልበቱ ከላይ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው። ይህን ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። ወፎች ራሳቸው የቲሬክስ ወገን ከሆኑ ዳይኖሰሮች የመጡ ስለሆኑ፣ ለወጥ ዶሮ ሲበለት አጠገቡ ቁሙና ታፋው ዳሌው ላይ እንዴት እንደሚገባ፣ ጉልበቱ ወዴት እንደሚታጠፍ በእጃችሁ እያንቀሳቀሳችሁ እዩ፣ ከዚያ ወዲያውኑ ሳሉት። የቲሬክሱ እጅ ላይ ሁለት ጣት ብቻ አድርጉ። መዳፎቹ ወደ መሬት አይዩ፣ ሊያጨበጭብ እንደተዘጋጀ ሰው እርስ በርስ ይተያዩ።

አፅሙ ሲያልቅ ሌላ ስስ ወረቀት ደርባችሁ መስኮት ላይ ያዙትና ሥጋውን ጨምሩ። እዚህ ላይ አትሰስቱ! ቆዳውን አጥንቱ ላይ አጣብቆ፣ የራስ ቅሉን ቀዳዳዎች ሁሉ አሳይቶ መሳል በጣም የተለመደ ነው፣ እንስሳው በረሃብ ያለቀ ይመስላል። በበዓል ሰሞን የበግ ራስ ቅል ካገኛችሁ በሕይወት ካለ በግ ፊት ጋር አስተያዩት፤ ከንፈሩና ጆሮው አጥንቱ ላይ የሉም። የጭራውን ሥር ወፍራም አድርጉት። ታፋውን ወደ ኋላ የሚስበው ትልቁ ጡንቻ ከዚያ ይነሳል።

ቆዳና ላባ ላይ ማስረጃውን ተከተሉ። ቲሬክስ ላይ የተገኘው የቆዳ አሻራ ጥቃቅን ቅርፊት ያሳያል። በ2012 ይፋ የሆነው 9 ሜትር የሚሆነው የቻይናው ዘመዱ ዩታይራነስ ግን ላባ ነበረው። ስለዚህ ጀርባው ላይ ትንሽ ላባ ብታደርጉ አልቃወምም፣ ሙሉ በሙሉ ማልበስ ግን ይከብደኛል።

የቀለም ነገር ደስ ይላል። ሳይንቲስቶች በ2010 ሳይኖሳውሮፕተሪክስ የሚባለውን ትንሽ ዳይኖሰር ላባ በማይክሮስኮፕ አይተው ሜላኖሶም የሚባሉትን የቀለም ቅንጣቶች ቅርፅ መርምረው ጭራው ቀይ ቡናማና ነጭ ቀለበት እንደነበረው አወቁ። የቲሬክስ ቀለም ግን አልተገኘም። ስለዚህ ከትልልቅ የዛሬ እንስሳት ተዋሱ፦ ደብዘዝ ያለ ቀለም፣ ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ፈካ ያለ።

ከጀርባው ሣር ሜዳ አትሳሉ፣ ያኔ አልነበረም። ፈርን፣ ጥድ መሰል ዛፍና ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ይበቃል። ጎረቤት ካስፈለገው ባለ ሦስት ቀንዱ ዳይኖሰር ትራይሴራቶፕስ አለ። ጀርባው ላይ ሰፋፊ አጥንት የተደረደረበት ስቴጎሳውረስ ግን ከቲሬክስ ወደ 80 ሚሊዮን ዓመት ቀድሞ የጠፋ ስለሆነ አንድ ወረቀት ላይ አታገናኟቸው።

እጃችሁ ሲፈታ የአገራችሁን እንስሳ ሞክሩ። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ አካባቢ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ጎን ለጎን የተሸከመ አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳ ቅሪት ተገኝቷል። ዳይኖሰር አይደለም፣ አጥቢ ነው። በቅጡ ተስሎ ማየት እመኛለሁ። ሲታይ አውራሪስ ይመስላል፣ ዘመዱ ግን ዝሆን ነው፤ እግሩንና የቆዳውን እጥፋት ስትስሉ ፎቶ የምትፈልጉት የዝሆን ይሁን።